ዝምታ ጨዋነት አይደለም!

የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ወጣት ሆይ! ዛሬ የምጽፈው ብዙዎቻችሁን ያሳፍራል። ቢሆንም አንብባችሁ ጨርሱ።

"ትውልድ እናድን" እያልን በየቀኑ እንለጥፋለን። እሺ፣ ትውልዱ ስለ ገዛ አካሉ ምን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መልሱን ይዞታል። ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉት ስለ ኤች አይ ቪ የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ከሴቶች 24፣ ከወንዶች 39 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀረው ከጓደኛና ከቴሌግራም በለቀመው ወሬ ነው የሚኖረው።

እንደኔ ዲግሪ ይዘህ ሥራ አጥተህ የተቀመጥከውስ? የመራቢያ አካላት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ክፍሉ በሳቅ ሞላ፣ መምህሩ "ቤታችሁ አንብቡት" አለን፣ አለቀ!

እስኪ ልጠይቃችሁ። ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው ማን ነው? የእኛው ወንድም አይደል? ወባ እንዳይዘው እንመክረዋለን፤ ስለ ኮንዶም ግን ትንፍሽ አንልም። ሲመለስ ደግሞ ቤቱ ሚስቱ አለች።

እህታችንስ? ሕጉ 18 ሳይሞላት አትዳር ይላል። እኛ ድግሱን በልተን እንመርቃለን። አጥንቷ ሳይጠና ታረግዛለች፣ ምጡ ቀናት ይፈጃል፣ ሕፃኑ ይሞታል፣ እሷ ሽንቷን መቆጣጠር ያቅታታል። ፌስቱላ ይሄ ነው። ባሕር ዳር ያለው የሐምሊን ማዕከል የሚያክመው እንዲህ የተጎዱትን ነው።

እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር፦

✔ "የመጀመሪያ ቀን አይረገዝም" ውሸት ነው።
✔ ፖስት ፒል ኤች አይ ቪን አይከላከልም። ለእርግዝናም ቢሆን ቶሎ ካልተወሰደ አቅሙ ይደክማል።
✔ የተደፈረች እህት ሳትውል ሳታድር ጤና ተቋም ትሂድ። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።
✔ ጨብጥ ምልክት ሳያሳይ ሊቆይና መካን ሊያደርግ ይችላል። ቶሎ ከታከመ ይድናል።

"ልጆቻችንን ታባልጋላችሁ" የሚለን አይጠፋም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ጥናቶችን መርምሮ ትምህርቱ ወጣቱን ለወሲብ እንደማያቻኩል አስቀምጧል። ደግሞስ እስከ ዛሬ ዝም ብለን ማንን አዳንን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት የእኛው አባቶች ናቸው።

ስለዚህ ነፋስ መውጫም፣ ወገዳም፣ መካነ ኢየሱስም ያላችሁ፣ ትምህርት ቤቱ ያንን ምዕራፍ እንዳይዘል ጠይቁ። ጤና ጣቢያው ወጣቱን ሳይገላምጥ በምስጢር እንዲያስተናግድ ጠይቁ። ቤት ውስጥ ደግሞ ታናሽ እህታችሁን ራሳችሁ አስተምሩ።

ወገኑን የሚወድ ወገኑን አያደናቁርም!

ሼር ይደረግ።