ከመንቀል በፊት ማየት

በደባርቅ፣ በዳባትና ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች ጥርሱን ያመመው ሰው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነክሳል፣ ነጭ ሽንኩርት ይይዝበታል። ያ አልሆን ሲል የእምቧይ ፍሬ ፍም ላይ ይደረግና «ትሉ ይውጣ» እየተባለ ጢሱን ይታጠናል። ከዚያ ማስታገሻና አንቲባዮቲክ ይገዛል፤ በመጨረሻም ጉንጩ ሲያብጥና እንቅልፍ ሲያጣ ያስነቅላል፣ ነገሩም እንዳለቀ ይቆጠራል። መንቀል መጥፎ ነው የሚል አቋም የለኝም። ሥሩ የበሰበሰና መግል የቋጠረ ጥርስ ቢነቀል ያስመሰግናል እንጂ አያስወቅስም። የምከራከረው ጥርሱን ያበላሸው ምን እንደሆነ ሳይታይ መንቀልን ሕክምና ማለት አይገባም ብዬ ነው። ለማየት ደግሞ የጥርስ ሐኪም ከጎንደር እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም።

ጥርስ የሚጎዳው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ አፍ ውስጥ የሚተወው ምልክትም ይለያያል። መቦርቦር የሚጀምረው ጥርስ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ሲለውጡ ነው። መጀመሪያ ኖራ የመሰለ ነጭ ነጠብጣብ ይታያል፣ ቆይቶ ወደ ቡናማነት ይለወጣል፣ ከዚያ ይቦረቦራል። ነጠብጣቡ ነጭ ሳለ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ሊመለስ ይችላል፤ ከተቦረቦረ በኋላ ግን የጥርሱ ውጫዊ ሽፋን ሕይወት ያለው ሕዋስ ስለሌለው ራሱን አይጠግንም። ሁለተኛው ጉዳት ከምንበላው ይመጣል። ደጋው የገብስ ሀገር ነው፤ ቆሎውም በሶውም ከዚያው ነው። እህሉ በአውድማ ላይ በበሬ ሰኮና ሲወቃ ጠጠር አብሮት ይገባል። ሴቶች ሰፌድ ላይ ዘርግተው ቢለቅሙትም ጠጠሯ የገብስ ፍሬ እያከለች ታመልጣለች፤ ቆሎ ውስጥ የተደበቀች አንዲት ጠጠርም ጤነኛ መንጋጋ ልትሰነጥቅ ትችላለች። በእጅ ወፍጮ ዘመንማ ድንጋዩ በደነዘዘ ቁጥር ይወቀር ስለነበር ደቃቁ አሸዋ ከዱቄቱ ጋር ይበላ ነበር። የጥንት ግብፃውያን ጥርስም በዚሁ ዓይነት ዱቄት ተበልቶ ተገኝቷል። (ሣር ሲግጥ የሚውለው የሰሜኑ ጭላዳ ለዚሁ ሥራ የተፈጠሩ ረጃጅም መንጋጋዎች አሉት፤ እኛ ይህን አልታደልንም።)

ሦስተኛው ጉዳት ጥርስ በጥርስ ላይ የሚያደርሰው ነው። ጥርስ ማፋጨት ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታወሰን የወንጌሉ የጨለማ ቦታ ነው፤ ሐኪም ቤት ግን አይታወሰንም። ልጅ ተኝቶ ጥርሱን ሲያፋጭ «ወስፋት ይዞታል» ይባልና የትል መድኃኒት ይሰጠዋል። ትል ካለበት መድኃኒቱ ይገባዋል፤ ማፋጨቱ ግን የትል ምልክት ስለመሆኑ ጥናቶች ወጥ የሆነ ማረጋገጫ አላገኙም። በእንቅልፍ ጊዜ ማፋጨት በአብዛኛው የሚመጣው አእምሮ ለአፍታ ወደ መንቃት ሲቃረብ ነው። አልኮል፣ ሲጋራ፣ ካፌይን፣ ጭንቀትና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች ያባብሱታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የዘርፉ ባለሙያዎች ባወጡት የጋራ መግለጫ ጤነኛ ሰው ላይ ሲታይ ማፋጨትን በሽታ ሳይሆን የመንጋጋ ጡንቻ ጠባይ ብለውታል፤ መዘዝ የሚያስከትልበት ሰው ግን አለ። ይህ ለእኛ አካባቢ ትርፍ ወሬ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ ዘልቆ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከዚያ ወዲህም የአማራ ክልል ተረጋግቶ አላደረም። ከዚህ ተነሥቼ የደባርቅ ሰው ሁሉ ጥርሱን ያፋጫል አልልም። ጭንቀትና የተቆራረጠ እንቅልፍ በበዛበት ሀገር ግን ጥርሴን አመመኝ ብሎ የመጣን ሰው «እንዴት ትተኛለህ?» ብሎ አለመጠየቅ ጉድለት ነው።

ከመንቀል በፊት ማየት የሚያስፈልገው ከሁሉ ይልቅ ጥርሱን በሚያፋጭ ሰው ላይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ጠዋት ሲነሳ መንጋጋውና ጆሮ ግንዱ ያመዋል፤ ሕመሙ ከጡንቻው ተነሥቶ ጥርስ ላይ ስለሚሰማ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማሳየት ይቸግረዋል። አንዱን ጤነኛ ጥርስ ይጠቁማል፣ ይነቀልለታል፤ ሕመሙ ግን አይለቀውም። ይባስ ብሎ ሸክሙ በቀሩት ጥቂት ጥርሶች ላይ ይወድቃል፤ የጎን ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያጋድላሉ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውም እየወጣ ይመጣል። ይህን ሰው ለመለየት ራጅ አያስፈልግም፤ ባትሪና የምላስ መጫኛ እንጨት ይበቃል። የላይኛውና የታችኛው ጥርስ ጫፍ ጠፍጣፋና አንጸባራቂ ሆኖ እርስ በርሱ ልክ ከገጠመ፣ የምላሱ ዳር የጥርስ ቅርጽ ከያዘ፣ ጥርስ ሲያስነክሱት የጉንጩ ጡንቻ ወፍሮ ከተነሣ ጥርጣሬው በቂ ነው። ከተማ ያለ ሐኪም በልኩ የተሠራ የሌሊት መከላከያ ፕላስቲክ ያደርግለታል፤ እሱም ጥርስን ከመበላት ይጠብቃል እንጂ ማፋጨቱን አያስቀርም። ወደ ጎንደር መሄድ ለማይችለው የሚነገር ነገር ግን አለ። ማታ ማታ አረቄውን ይተው፣ ቡናው ከሰዓት በኋላ አቦል ላይ ይብቃው፣ ቀን ቀን ከንፈሩን ገጥሞ ጥርሱን ያላቅቅ። ጥርስ ከጥርስ መገናኘት ያለበት ሲያኝኩና ሲውጡ ብቻ ነው።

ወደ መንቀል የምንቸኩልበት ልማድ ሥሩ ከሕፃንነት ይጀምራል። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ድዱ ያበጠ መስሎ ከታየ «የወተት ጥርሱ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለው ጥርስ በስለት ተቆፍሮ ይወጣል። በብዙው የሀገራችን ክፍል እንደሚደረገው በሰሜን ጎንደርም የታወቀ ድርጊት ነው። የሕፃኑ ችግር ፈሳሽ ማጣት ሆኖ ሳለ በላዩ ደም መፍሰስ፣ መመረዝ፣ አንዳንዴም መንጋጋ ቆልፍ ይጨመርበታል፤ በኋላ የሚበቅለው ቋሚ ጥርስም ተበላሽቶ ወይም ጨርሶ ሳይበቅል ይቀራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት አካል ማጉደልን ቢከለክልም፣ ሕጉ ብቻውን እናቲቱን አያሳምናትም። ድዷን ተነቅሳ ጥርሷን ማስዋብ የምታውቅ የጎንደር እናት ለጥርስ ዋጋ አትሰጥም ብሎ መናገር አይቻልም። የቸገራት ሌላ አማራጭ የሚነግራት ሰው ነው።

«የጥርስ ሐኪም በሌለበት ይህ ሁሉ ወግ ነው» የሚል ይኖራል። ከበየዳ ወይም ከጃናሞራ በእግሩ የሚመጣ ሰው ደባርቅ ደርሶ እንኳ ወደ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀረዋልና ተቃውሞው ሚዛን የሚደፋ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በታንዛንያ የተጀመረ ዘዴ አለ። የበሰበሰው የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ብቻ ይጠረግና ግላስ አዮኖመር በተባለ፣ ጥርስ ላይ በሚጣበቅ ሲሚንቶ ይሞላል። መብራትም መሰርሰሪያም አይጠይቅም። ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባለው ፈሳሽ ደግሞ የተቦረቦረው ላይ ሲቀባ መበስበሱን ያስቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ሲሚንቶውንም ፈሳሹንም ከፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ጋር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷቸዋል። ነርስ ይህን ይችላል ወይ ለሚለው ደግሞ መልሱ እዚሁ ክልል ውስጥ ነው። ትራኮማ ወደ ውስጥ ያጠፈውን የዓይን ቆብ በየጤና ጣቢያው ቀዶ ሲያቀና የኖረው የሠለጠነ ነርስ ነው። ዓይን ላይ ያመንነውን እጅ መንጋጋ ላይ የምንጠራጠርበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ተቃውሞ የወባና የወሊድ ችግር ሳያልቅ ስለ ጥርስ ማውራት ቅንጦት ነው ይላል። የአፍ በሽታ ሦስት ቢሊዮን ተኩል ገደማ ሰው እንደያዘ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አስታውቋል፤ ከአራቱ ሦስቱ የሚኖሩትም ሀብታም ባልሆኑ አገሮች ነው። ቁጥሩን እንተወውና፣ ማኘክ ያቃተው ሽማግሌ ከገብስ እንጀራ ሌላ ምርጫ በሌለበት ቤት ምን ይበላል? አባቶቻችን በመፋቂያ ብቻ ጥርሳቸው ሳይነካ ኖረዋል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ወይራና ክትክታ በደንብ ከፋቁበት ያጸዳሉ። ነገር ግን ያኔ በየመንገዱ ዳር ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳና ከረሜላ አልነበረም፤ መፋቂያውም እንደ ጥርስ ሳሙናው ፍሎራይድ አይሰጥም።

ወደ ሕክምናው ስንመለስ፣ ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የተቀባውን ቦታ ያጠቁራል፤ ይህን ከወላጅ መደበቅ አይገባም። በልጅ የኋላ መንጋጋ ላይ ብዙም አይታይም፤ የፊት ጥርስ ላይ ከሆነ ወላጅ አይቶ ይወስን። ከዚህ ሁሉ ሕክምና በፊት ግን ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ሥራ አለ። በሰሜን ጎንደር ዞን ባሉ ጤና ተቋማት ጥርስ ሲነቀል የተነቀለበት ምክንያት አብሮ ይጻፍ፤ መቦርቦር፣ መሰንጠቅ፣ ድድ ወይም መበላት ተብሎ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት የሚመዘግብ የምርምር ማዕከል አለው። መዝጋቢዎቹ በየቤቱ ስንት ጥርስ እንደጎደለና ማን ሌሊት ጥርሱን እንደሚያፋጭ ቢጠይቁ፣ ፎርሙ ላይ የሚጨመረው ሁለት መስመር ብቻ ነው።