በዓሉ «በሰላም ተጠናቀቀ» ሲባል ማን ተቆጠረ?

በየዓመቱ ጥምቀት ባለፈ ማግስት በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚነበብ አንድ መግለጫ አለ። ዓመተ ምህረቱ ይቀየራል እንጂ ይዘቱ አይቀየርም። በዓሉ በሰላም ተጠናቀቀ፣ ሕዝቡ ስለተባበረ ይመሰገናል፣ የፀጥታ ኃይሉም ኃላፊነቱን ተወጣ። በቃ። እኛም «እሰየው!» ብለን መብራቱን አጥፍተን እንተኛለን፤ መብራቱ ራሱ ቀድሞን ካልጠፋ።

ለመሆኑ ይቺ «ሰላም» የምትባለው ቃል ምን ምንን ትጨምራለች? ታቦቱ መንበሩ ገባ ማለት ናት? ተኩስ አልተሰማም ማለት ናት? ወይስ ከከተራ እስከ ቃና ዘገሊላ ባሉት ሦስት ቀናት ነጠላውን አጣፍቶ ከቤቱ ወጥቶ በዚያው የቀረ ሰው የለም ማለት ናት? የመጨረሻውን ለማለት ከሆነ ቁጥሩን እንይ። እርግጥ አልፎ አልፎ ከበዓል በኋላ ይህን ያህል ሰው በመኪና አደጋ ሞተ የሚል ዜና እንሰማለን። ግን የት ቦታ? በስንት ሰዓት? በምን ዓይነት መኪና? ሹፌሩ ጠጥቶ ነበር ወይስ መንገዱ ጨለማ ነበር? ዜናው ከበግና ከዶሮ ዋጋ ኋላ ተከትሎ ይመጣና ያልፋል።

ነገሩ ወዲህ ነው። የአዲስ አበባ ጥምቀት ሲባል ካሜራው የሚያውቀው ጃንሜዳን ነው። ጃንሜዳ ሰፊ ሜዳ አለው፣ ጳጳሳቱና አምባሳደሮቹ እዚያ ናቸው፣ በየበሩ ፍተሻ አለ። ነገር ግን የከተማው ታቦት ሁሉ ጃንሜዳ አይወርድም። እዚህ በእኛ በኩል፣ በኮልፌ ቀራኒዮና በዙሪያዋ፣ ታቦታቱ በየአካባቢያቸው ወዳለው ጥምቀተ ባህር ነው የሚወርዱት። የሚወርዱትም በአስፋልቱ ነው። አስፋልቱ ደግሞ የሰፈር መንገድ አይደለም። በአስኮ በኩል የአምቦ መንገድ፣ በአየር ጤና በኩል የጅማ መንገድ ይገባል፤ ከዊንጌት እስከ ጦር ኃይሎች ያለውን ደግሞ ቀለበት መንገድ ለሁለት ሰንጥቆታል። ከምዕራቡ አገር እህልና ከብት ጭኖ ለበዓል ገበያ የሚጣደፈው መኪና ሁሉ በእኛ ደጃፍ ነው የሚያልፈው። በዚያው ቀን፣ በዚያው መንገድ ላይ ደግሞ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ከበሮ የተሸከመ ዘማሪ፣ ሃይላንዱን በውሃ ሞልቶ አላፊ አግዳሚውን የሚረጭ ጎረምሳ አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ሰምታ ያላትን ነጭ ልብስ የለበሰችው ልጅም አለች።

ብዙ ሰው የሚመስለው አደጋው ያለው ታቦቱ ሲያልፍ ነው። አይደለም። ታቦቱ ሲያልፍ መኪና ቆሟል፣ ትራፊክ ፖሊሱ አለ፣ የሰንበት ተማሪው ገመድ ይዞ ሰልፉን ያስከብራል፣ ምንጣፍ አንጣፊው ወጣትም መንገዱን እየጠረገ ይቀድማል። እኔን የሚያስፈራኝ ሰዓት ታቦቱ ድንኳን ከገባ በኋላ ያለው ነው። ገመዱ ይጠቀለላል። ትራፊክ ፖሊሱ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ውሏልና ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እሱም ሰው ነው፣ አልፈርድበትም። ሕዝቡ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። መሽቷል። የመንገድ መብራቱ አንዱ ይበራል ሦስቱ አይበራም። ሦስት ሰዓት ሙሉ ታግቶ የቆየው የታክሲ ሹፌር ለባለንብረቱ የሚያስገባት የቀን ገቢ አለችበት፤ ባለንብረቱ «ዛሬ ታቦት ወርዶ ነበር» የሚል ምክንያት አይቀበልም። ስለዚህ የጠፋውን ሦስት ሰዓት በአንድ ሰዓት ለማካካስ ይነዳል። ከኋላው ያለው የቤት መኪና ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ዘመድ ቤት ዞሮ በየቤቱ ጠላ ሲቀዳለት የዋለ ሰው ይዟል። በእኛ አገር የበዓል ቀን «እነዳለሁ፣ ይቅርብኝ» ያለ እንግዳ ይታዘኑበታል፤ «ምነው ናቅኸን?» ይባላል። ከእነሱ ጎን አይሱዙ ላይ የተጫነው ወጣት ጣራውን በዱላ እየደበደበ ይጨፍራል፤ ሹፌሩም በጭፈራው ምት ይነዳል።

መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መኪናው በኖ አይጠፋም። ወደ ውስጥ ለውስጥ ይዞራል። ልጅ ኳስ በሚጫወትበት፣ አሮጊት ደጃፏ ላይ ቡና በምታፈላበት ኮብልስቶን ላይ ከባድ መኪና ይመጣል። የሚዘጉት መንገዶች ዝርዝር በየዓመቱ በመገናኛ ብዙኃን ይነገራል፤ ጥሩ። የተዘጋው መኪና በእነማን ደጅ እንደሚያልፍ ግን ለዚያ ሰፈር ሰው ቀድሞ ሲነገረው ሰምቼ አላውቅም።

የአዲስ አበባ ሕዝብ ስም አወጣጥ ያውቅበታል። ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» አለው፤ አይሱዙን «አልቃይዳ» አለው። ቀልድ ይመስላል፤ ግን መንግሥት ያላወጣውን መግለጫ ሕዝብ በሁለት ቃል አወጣው ማለት ነው። በዚህች ከተማ በዓመት 400 ገደማ ሰው በመኪና ይሞታል። ከአስሩ ሟች ሰባት ስምንቱ እግረኛ ነው። መኪና የሌለው ነው በመኪና የሚሞተው። እንግዲህ በዓመት ውስጥ ሰው ሁሉ እግረኛ የሚሆንበት ቀን ቢኖር ጥምቀት ነው። ሂሳቡን ለመሥራት የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

እስቲ የሰው አገር እንይ። ታይላንድ የሚባለው አገር አዲስ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ከሚያዝያ 5 ቀን ጀምሮ ያከብራል፤ በዓሉን ሶንግክራን ይሉታል። እንደ እኛው የውሃ በዓል ነው። የቡድሃን ሐውልት ያጥባሉ፣ በሽማግሌ እጅ ላይ ውሃ አፍስሰው ምርቃት ይቀበላሉ። ወጣቱ ደግሞ መንገድ ወጥቶ በባልዲና በመርጫ ይራጫል፣ ይጠጣል፣ በሞተር ሳይክል ይከንፋል፣ ይሞታል። በዓሉ በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ በሰባት ቀን ውስጥ ብቻ ከ280 በላይ ሰው መንገድ ላይ ሞተ። እንግዲህ ከእኛ ይሻላሉ አላልኩም። የእነሱ መንግሥት ግን አንድ ነገር አደረገ። ለቀናቱ ስም አወጣላቸው፤ «ሰባቱ አደገኛ ቀናት» አላቸው። በነዚያ ቀናት በየጠዋቱ አንድ ባለሥልጣን ካሜራ ፊት ቀርቦ ትናንት ስንት ሞተ፣ ስንት ቆሰለ፣ በየትኛው ክፍለ አገር፣ ስንቱ በፍጥነት ስንቱ በመጠጥ ብሎ ይናገራል። በ2008 ዓ.ም ደግሞ ጠጥቶ ሲነዳ የተፈረደበት ሰው በሆስፒታል ሬሳ ክፍል እንዲሠራ እስከ መወሰን ደርሰዋል። ቅጣቱ ይበዛል ያነሰ አይደለም፣ ሌላ ክርክር ነው። የሚገርመኝ ግን ቱሪስት እንዳይሸሽባቸው ብለው ሬሳውን አለመደበቃቸው ነው። እነሱ የበዓላቸውን ሟች ቆጥረው ያፍራሉ። እኛ ሳንቆጥር እንኮራለን።

እኛስ በዩኔስኮ ተመዝግበን የለ? ጥምቀት በታህሳስ መጀመሪያ 2012 ዓ.ም ቦጎታ ላይ ተመዘገበ፣ አጨበጨብን። አርባ ቀን ገደማ ቆይቶ፣ ማለት በተዝካር ልክ፣ ጥር 11 ቀን ጎንደር ላይ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ቆሰለ። ያን እንጨት ማን አቆመው? ስንት ሰው ይችላል ብሎ የፈረመ መሐንዲስ ነበር? እዚህ ኮልፌ አጠና ተራ ያለ አንድ ደላላ ጠርተው ቢያማክሩት እንኳ የትኛው አጠና ስንት እንደሚሸከም ይነግራቸው ነበር።

ከመንገዱ ወደ ሌላው ሞት የተሻገርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሁለቱም ሥር አንድ ነው ብዬ ስለማምን ነው። ባለሥልጣኖቻችን የተሰበሰበ ሕዝብ ሲያዩ የሚታያቸው ስጋት ነው እንጂ የሚራመድ፣ የሚደክም፣ የሚጠማ፣ በጠባብ መንገድ የሚጣበቅ ሰው አይደለም። ስለዚህ የበዓል ዝግጅት ማለት ለእነሱ ፍተሻና ጠመንጃ ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም ቢሾፍቱ ሆራ ላይ ኢሬቻን ሊያከብር በወጣው ሕዝብ ላይ አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ፣ ገደል ውስጥ ወድቆና ተረጋግጦ የሞተው ሰው በመንግሥት በራሱ ቁጥር ከ50 በላይ ነበር። በ2014ቱ ጥምቀት ሰሞን ከእኛ ሰፈር ጫፍ፣ ቡራዩ አዋሳኝ ላይ፣ የወይብላ ማርያምን ታቦት ሲሸኝ በነበረ ሕዝብ ላይ የፀጥታ ኃይሎች ተኩሰው 3 ሰው ሞተ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም መግለጫ አወጣበት። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 24 ቀን የኢድ ሰላት ሊሰግድ ስታዲየም ዙሪያ የወጣው ሙስሊም ወገናችን አስለቃሽ ጭስ ቀምሶ ተመለሰ። ኢሬቻ፣ ጥምቀት፣ ኢድ። ሃይማኖት ሳይለይ እኩል ማስተናገድ ማለት ይኼ ከሆነ፣ እሱ ላይ አድልዎ የለም።

ስለ ኮልፌ ካነሳን አይቀር፣ ይህች ሰፈር የፖሊስ ማሰልጠኛ አገር ናት። ኔልሰን ማንዴላ ራሱ በ1954 ዓ.ም መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ፣ ከፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ ሆነ። ሕዝብ መበተን ሲያስተምሩ ኖረው ሕዝብ በሰላም ወደ ቤቱ መሸኘት የሚባል ትምህርት እስከ ዛሬ አልተጀመረ ይሆን?

ሁሉን በመንግሥት ላይ ልጭነው አልልም። የሰፈራችንን ጎረምሳ እናውቀዋለን። ዱላ የጥምቀት ጌጥ ነው፤ አያቶቻችን ይዘውት ጨፍረዋል። ዛሬ ግን ከሁለት ጠርሙስ በኋላ ያው ዱላ የእከሌ ሰፈር ልጅ ጭንቅላት ላይ ያርፋል። ሎሚ ወርውሮ ደረቷን መምታት የጥንት ፍቅር ነው እየተባለ ይተረካል፤ አሁን ግን በግርግር መሀል ልጅቱን አሥር ሆነው ከበው፣ ውሃ ደፍተውባት፣ ልብሷ ገላዋ ላይ ሲጣበቅ መነካካት ሆኗል። ይህ ለከፋ እንኳ አይባልም፤ ወንጀል ነው። እህቶቻችን «ዘንድሮስ ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን ላክብር» እያሉ ነው። እነሱ ቤት በቀሩበት በዓል ላይ «በሰላም ተጠናቀቀ» ሲባል የእነሱ ቤት መቅረት በየትኛው ዓምድ ተመዘገበ?

አንዳንዱ ደግሞ ይህን ሲያነብ «በዓላችን ላይ ተነሳ» ሊል ይችላል። አልተነሳሁም። ታቦቱ በእግር ይውረድ፣ ሕዝቡም በእግር ያጅበው፣ ከበሮውም ይመታ። የምጠይቀው አስፋልቱን ለዚያች ቀን ከልብ ለእግረኛ እንዲሰጡት ነው። እንደማይቻል አድርገው እንዳይነግሩን፤ ከህዳር 2011 ጀምሮ «መንገድ ለሰው» ብለው እሁድ እሁድ መንገድ ዘግተው ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው በስፖርት ልብስ ሲሮጡ አይተናል። የውጭ እንግዳ ሲመጣ ከቦሌ ጀምሮ መንገዱ በደቂቃ ጭር ይላል። ለአንድ እንግዳ የሚቻል ለአንድ ሚሊዮን ነጠላ ለባሽ የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

እንግዲህ የኮልፌን ነገር ለይቼ ልናገር። ከተራ ዕለት ከባድ መኪና ከአስኮና ከአየር ጤና ወዲህ እስከ እኩለ ሌሊት አይግባ፤ እህሉ አንድ ቀን ቢያድር አይነቅዝም። የትራፊክ ፖሊሱ ፈረቃ ታቦቱ ድንኳን ሲገባ ሳይሆን የመጨረሻው እግረኛ ቤቱ ሲገባ ይለቀቅ። የትንፋሽ መመርመሪያዋ በአዘቦቱ ቀን ቦሌ መንገድ ላይ ከምትቆም በበዓሉ ማታ 18 ማዞሪያና ጦር ኃይሎች ትቁም። የሰበካ ጉባኤዎቹም ለምንጣፉ የሚያወጡትን ግማሽ ለባትሪና ለአንጸባራቂ ሰደርያ ያውጡ፤ ገመድ የሚይዘው የሰንበት ተማሪ ማታ መንገድ የሚያሻግረው እሱ ነውና። ገጭቶ ለሚያመልጠው ደግሞ፣ በ2005 የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ገጪው ያልታወቀለትን ተጎጂ ጭምር እንደሚያስብ ስንቱ የኮልፌ ቤተሰብ ያውቃል? ልጁን ቀብሮ ዝም ብሎ የተቀመጠ አባት ስንት ነው? ቀበሌው ለሌላ ስብሰባ ደጋግሞ እንደሚጠራን ለዚህም አንድ ጊዜ ይጥራን።

ከሁሉ በፊት ግን ቁጥሩ። ጥር 13 ቀን ጠዋት አንድ ገጽ ወረቀት ይለጠፍ። በየክፍለ ከተማው፣ በየሰዓቱ፣ በየመኪናው ዓይነት፣ እግረኛ፣ ተሳፋሪ፣ ሹፌር፤ በመኪና የሞተ፣ በዱላ የሞተ፣ በጥይት የሞተ፤ የተደፈረችና የተደበደበች። ዜሮ ከሆነ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ። እኛም ያኔ የኮልፌን መስመር በጣታችን ይዘን እናነባለን።