የውሃ ላይ ከተማዋና አስጎብኚዋ ያላሳየችን ቤት

በዚህ ወር ይዘንላችሁ የቀረብነው የአንድ ቀን ወሬ ነው። ጣሊያን አገር ሚላኖ የሚኖሩ ዘመዶቻችንን ለመጠየቅ በሄድንበት የመኸር ወቅት፣ እህታችንና ባለቤቷ «እዚህ ድረስ መጥታችሁማ ቬኒስን ሳታዩ አትመለሱም» ብለው የደርሶ መልስ ጉዞ ቆረጡልን። ባቡሩም፣ አስጎብኚዋም፣ የእግር ጉዞውም በአንድ ቲኬት ተጠቃሎ ጠዋት ተሄዶ ማታ የሚመለስበት ነው። አብረውን እህታችን፣ ባሏ፣ የ16 ዓመት ሴት ልጃቸውና የ9 ዓመት ወንድ ልጃቸው ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንናገራለን።)

ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን ከእኛ በፊት የነበሩትን ሰዎች ፍጻሜ እንድናስተውል ደጋግሞ ስለሚያሳስበን፣ ጉዞን እንደ ቅንጦት አናየውም። ይሁን እንጂ በሰው መሪነት የሚደረግ ጉዞ አንድ ጠባይ አለው። የምታየው መሪው የሚያሳይህን ብቻ ነው። እኛም ይህን የተረዳነው ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ነበር።

ፈጅርን ሰግደን ከቤት ወጣን። ባቡሩ ከሚላኖ ተነስቶ በብሬሻ፣ በቬሮናና በፓዶቫ በኩል በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ቬኒስ ይደርሳል። መንገዱ አብዛኛው የእርሻ ሜዳ ነው። የጋርዳ ሐይቅ በግራ በኩል ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ሜስትሬ የተባለችውን የየብስ ከተማ ካለፍን በኋላ ግን ሁላችንም ከመቀመጫችን ተነሳን። ባቡሩ ውሃ ላይ ወጥቷል! ግራም ቀኝም ባሕር ነው። ይህ ከሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ የሚረዝም የባቡር ድልድይ የተከፈተው በ1846 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ወደ ቬኒስ የሚገባ ሁሉ በጀልባ ነበር የሚገባው። ትንሹ ልጅ «ባቡሩ መርከብ ሆነ» ብሎ ሲጮኽ ፉርጎው በሙሉ ሳቀ።

ከሳንታ ሉቺያ ጣቢያ በር ሲወጡ የሚጠብቅዎ አስፋልት ሳይሆን ደረጃ ነው፤ ከደረጃው ግርጌ ደግሞ ታላቁ ቦይ። መኪና የለም፣ ብስክሌት የለም። አምቡላንሱም፣ ቆሻሻ ሰብሳቢውም፣ አስከሬን የሚሸኘውም ጀልባ ነው። ከተማዋ ከመቶ በሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ተሠርታ ከ400 በላይ በሆኑ ድልድዮች ተያይዛለች። ቤቶቹ የቆሙት ረግረጉ ውስጥ በተተከሉ የእንጨት ካስማዎች ላይ ነው። እንጨቱ ለምን አልበሰበሰም ብለን ጠይቀን ነበር። አስጎብኚዋ ጭቃው ውስጥ ለአበስባሽ ተሕዋስያን የሚበቃ አየር እንደሌለ አስረዳችን። ሱብሐነላህ! እንጨቱን የሚያጠፋው አየሩ እንጂ ውሃው አይደለም ማለት ነው።

አስጎብኚዋ ጨዋና ሥራዋን የምታውቅ ወጣት ናት። ከ2024 ወዲህ በአንድ አስጎብኚ ሥር ከ25 ሰው በላይ መምራትና በድምፅ ማጉያ መናገር ስለተከለከለ፣ እርሷ በትንሽ ማይክራፎን ስታንሾካሹክ እኛ በጆሮ ማዳመጫ እንሰማለን። የምትናገረው በጣሊያንኛ ነው። ለእኛ የምትተረጉመው የእህታችን ልጅ ነበረች። ስለ ነዋሪው መመናመን ስትነግረን ድምጿ ከፋ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከ170 ሺህ ሰው በላይ ይኖርበት የነበረው አሮጌው ከተማ ዛሬ 50 ሺህ እንኳ አይሞላም። ቤቱ ሁሉ ለጎብኚ ይከራያል። ስለ ጎርፉም ሰማን። በኅዳር 2019 ባሕሩ 187 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተማዋን አጥለቅልቆ ነበር። ከ2020 መጸው ጀምሮ ግን ከባሕሩ ወለል እየተነሱ ማዕበሉን የሚያግዱ የብረት በሮች ተሠርተዋል።

በ1591 የተጠናቀቀውን የሪያልቶ ድልድይ አይተን ቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ደረስን። ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት አስጎብኚዋ ቆማ ከበሩ በላይ ያለውን የሞዛይክ ሥዕል እያሳየች አንድ ታሪክ ጀመረች። ቡድኑ በሳቅ አውካካ። አንዳንዶቹ ወደ እኛ፣ በተለይም ሒጃብ ወዳደረጉት ወደ እህታችንና ወደ ልጇ ዞር አሉ። ልጅቷ መተርጎሟን አቆመች። «ምን አለች?» ብንላት፣ «ምንም አይደል አጎቴ፣ የድሮ ተረት ነው» ብላ የጆሮ ማዳመጫዋን አወለቀች።

ከዚያ በኋላ ጉብኝቱ ቀጠለ፤ ልጅቷ ግን ዝም አለች። በአደባባዩ ሰዓት ግንብ ላይ ደወሉን የሚመቱትን ሁለት የነሐስ ሐውልቶች ሕዝቡ «ሞሪ» እንደሚላቸው ሰማን። ነሐሱ በዘመን ብዛት ስለጠቆረ የተሰጣቸው ስም ነው። በ1720 የተከፈተውን የፍሎሪያን ቡና ቤትም ከውጭ አየን። ለመግባት አስበን ነበር፤ ዋጋውን ስናነብ የቡናው አምሮት ለቀቀን።

ስለዚህ ቡና ግን ሳንናገር አናልፍም። ቡናው ከአገራችን ጫካ የወጣ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የየመን ሱፍዮች ሌሊቱን በዚክር ለማንጋት ይጠጡት ነበር። ከየመን ወደ ካይሮና ኢስታንቡል ተሻገረ። በ1585 በኢስታንቡል የቬኒስ መልእክተኛ የነበረው ጃንፍራንቼስኮ ሞሮሲኒ፣ ቱርኮች «ካሕቬ» ከሚሉት ፍሬ የተሠራ ጥቁር ውሃ እንደሚጠጡ ለሸንጎው ሪፖርት አቀረበ። ስለዚህ በዚያ አደባባይ በውድ የሚሸጠው ሲኒ ቬኒስ የገባው በሙስሊም እጅ ነው። አስጎብኚዋ ስለ ፍሎሪያን ጌጦች ብዙ ነገረችን፤ ቡናው ከየት እንደመጣ ግን አላነሳችም።

የቡድኑ ጉብኝት እዚያው አደባባይ ላይ አበቃ። እስከ ባቡሩ ሰዓት የነጻ ጊዜ ተሰጠን። ሌሎቹ ጎንዶላ ሊሳፈሩ ሄዱ፤ የሠላሳ ደቂቃው መደበኛ ዋጋ 90 ዩሮ መሆኑን ለምታስቡት እናሳስባለን። እኛ ግን ዙህር ገብቶብን ነበር።

በአሮጌው ቬኒስ መስጊድ የለም። የአካባቢው ሙስሊሞች፣ በተለይም ብዙዎቹ የባንግላዴሽ ተወላጆች፣ ኑሯቸውም መስገጃቸውም ከድልድዩ ወዲያ በየብሱ በኩል በሜስትሬና በማርጌራ ነው። በ2015 በተካሄደው የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ አይስላንድን የወከለ አርቲስት አገልግሎት ያቆመ ቤተ ክርስቲያንን በመስጊድ አምሳል አዘጋጅቶ ነበር። ሙስሊሞች ሰገዱበት። ሁለት ሳምንት ያህል እንደቆየ የከተማው አስተዳደር ዘጋው።

የእህታችን ባል ግን ቀድሞ ያነበበ ሰው ነውና «ኑ፣ አንድ ቤት ላሳያችሁ» አለን። በታላቁ ቦይ በሚመላለሰው የሕዝብ ጀልባ ተሳፍረን ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ተመለስን። ሳን ማርኩዎላ ከተባለው ማቆሚያ ስንደርስ ከማዶ ባለ ብዙ ቅስት ነጭ ሕንፃ ታየን። ፎንዳኮ ዴይ ቱርኪ ይባላል፤ የቱርኮች ማደሪያ ማለት ነው። ከ1621 እስከ 1838 ድረስ የዑስማኒያ ሙስሊም ነጋዴዎች የሚያድሩበት፣ ዕቃቸውን የሚያኖሩበት ቤት ነበር። መስገጃና መታጠቢያ ነበረው። በሩ ማታ ከውጭ ይቆለፍ ነበርና ምቾት ብቻ አልነበረም፤ እንግድነትና ጥርጣሬ አብረው ያደሩበት ቤት ነው። ዛሬ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሆኗል። ስሙ ራሱ የዐረብኛው «ፉንዱቅ» ነው። የከተማዋ ዝነኛ የመርከብ መሥሪያ «አርሴናሌ»ም የዐረብኛው «ዳር አስ-ሲናዓ» ሲሆን፣ እኛ መጋዘን ጣሊያኖቹም «ማጋዚኖ» የሚሉት ደግሞ ከ«መኽዘን» የተገኘ ነው።

ጀልባዋ ላይ እያለን አባትየው ለልጆቹ ሁለት ነገር ነገራቸው። አንደኛው፣ በ1569 የዑስማኒያው ታላቅ ወዚር ሶኮሉ መሕመድ ፓሻ ለመስጊድ የሚሆኑ 900 የመስታወት ፋኖሶች ከቬኒስ ማዘዙን ነው። ሁለተኛው፣ በዐረብኛ ፊደል በማተሚያ መሣሪያ የታተመው የመጀመሪያው ሙሉ ቁርኣን የወጣው እዚችው ከተማ፣ በ1537 እና በ1538 መካከል፣ ፓጋኒኖ ፓጋኒኒና ልጁ አሌሳንድሮ በተባሉ አታሚዎች እጅ መሆኑን ነው። ለዑስማኒያ ገበያ ታስቦ እንደነበር ይገመታል። ነገር ግን የፊደልም የአናባቢም ስህተት ሞላበትና ሥራው ከሰረ። ቅጂዎቹ ጠፍተው ተቃጥለዋል እስከመባል ደረሰ። አንድ ቅጂ የተገኘው በ1987፣ በዚያው በቬኒስ በፍራንቸስካውያን መነኮሳት ቤተ መጻሕፍት ነው። «ዳል»ን ከ«ዛል» ያልለየ መጽሐፍ ለሙስሊም ሊሸጥ! የወሎ መድረሳ ሕፃን እንኳ ገና በመጀመሪያው ገጽ ይይዘው ነበር ብለን ሳቅን። ልጅቷም ከእኛ ጋር ሳቀች።

ሪቫ ደ ቢያዚዮ ወርደን በጠባብ መንገዶች አልፈን ሳን ጃኮሞ ዳሎሪዮ የሚባል ዛፍ ያለበት ጸጥ ያለ አደባባይ አገኘን። በየመንደሩ የመጠጥ ውሃ ቧንቧ ስላለ በያዝነው ጠርሙስ ቀድተን ዉዱእ አደረግን። ቂብላው ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። እህታችን ሰጋጃውን ዘረጋች። ልጅቷ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

«እዚህ? ሰው እያየን?» አለች። «እኔ ቤት ስንመለስ እሰግዳለሁ።»

አባቷ አልተቆጣም። እኛም ምንም አላልናትም። እውነቱን ለመናገር የእኛም ልብ ይመታ ነበር። አገራችን ላይ በመንገድ ዳር መስገድ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እዚያ ግን ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ፣ ሽማግሌዎች ቁጭ ብለዋል፣ አንዲት አሮጊት ውሻ ይዘው ቆመዋል። ምድር ሁሉ ለዚህ ኡመት መስገጃ መደረጓን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳስተማሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በሰው ዓይን ፊት ግንባርን መሬት ማስነካት ሌላ። ትንሹ ልጅ ግን ይህ ሁሉ አላሳሰበውም። በከፍተኛ ድምፅ ኢቃም አደረገ። ኳሷ ቆመች። አሮጊቷ የውሻቸውን ገመድ ሳብ አድርገው ራቅ ብለው ቆሙ። ዙህርን በማሳጠር ሁለት ረከዐ ስንጀምር እኛና እህታችን፣ ባሏና ትንሹ ነበርን። በሁለተኛው ረከዐ ከኋላችን ከእናቷ አጠገብ የልብስ ሹክሹክታ ሰማን። ስናሰላምት ልጅቷ የቀራትን አንድ ረከዐ ልታሟላ ተነሳች። ዐስርን ከመጀመሪያው አብራን ሰገደች። ኳሷም መንከባለሏን ቀጥላ ነበር።

ዳቦ በጥብስ ከቤት ተይዞ ነበርና አግዳሚው ላይ ተቀምጠን በላን። (የምትሄዱ ቤተሰቦች ስንቅ ብትይዙ ይሻላል። ዓሣ እንብላ ብትሉም በነጭ ወይን ጠጅ የሚበስል ብዙ ነውና አስቀድማችሁ ጠይቁ። ማርቆስ አደባባይ ላይ ምግብ ዘርግቶ መቀመጥ ደግሞ ያስቀጣል።) ልጅቷ ያን ጊዜ ነው አስጎብኚዋ ያለችውን የነገረችን። በከተማዋ ትውፊት መሠረት በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች የማርቆስን አፅም ከእስክንድርያ ሰርቀው ሲወጡ፣ ሙስሊም የቀረጥ ሹሞች እንዳይፈትሹ ቅርጫቱን በዐሳማ ሥጋ ሸፍነውት ነበር። ሹሞቹ ተጸይፈው ፊታቸውን አዞሩ። ሥዕሉ ያንን ነው የሚያሳየው።

እኛ በአስጎብኚዋ አልተቀየምንም። ታሪኩን ሥዕሉ ላይ ያስቀመጡት የከተማዋ ሰዎች ናቸው፤ ደግሞም ሌብነታቸውን ራሳቸው ነው የሚተርኩት። ቅሬታችን ሌላ ነው። በዚያ ቀን ሙሉ ጉብኝት ሙስሊም በሰውነቱ የታየው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እርሱም አፍንጫውን ይዞ ሲሸሽ ነው። 217 ዓመት ሙስሊሞች የገቡበትና የወጡበት ቤት ግን በመንገዳችን ላይ እያለ ስሙ አልተነሳም። የ16 ዓመት ልጅ የሚሳቅበትን ብቻ ሰምታ ከተመለሰች፣ ነገ ትምህርት ቤት ሒጃቧን የምታስርበት እጅ ይከብዳታል። አባትየው ማታ ማታ ያነበበው መጽሐፍ ባይኖር እኛም የምንመልስላት አልነበረንም።

ማታ ባቡሩ ላይ አስጎብኚዋ ተሳፋሪዎቿን እየቆጠረች ስታልፍ ልጅቷ አስቆመቻትና በጣሊያንኛ አወሩ። ከሜስትሬ እስከ ፓዶቫ ድረስ አወሩ። «ምን አልሻት?» አልናት። «ፎንዳኮውን ለምን አላሳየሽንም አልኳት። ሕንፃውን እንደምታውቀው፣ መስገጃ እንደነበረው ግን እንደማታውቅ ነገረችኝ። ጎብኚው ማርኮ ፖሎንና ጭምብሉን ነው የሚጠይቀው አለች። የቁርኣኑን ነገር ስነግራት ግን ደብተር አወጣች።»

መስኮቱ ጨልሞ መግሪብ ገባ። በሻፊዒይ መዝሀብ መንገደኛ መግሪብን አዘግይቶ ከዒሻእ ጋር ማጣመር ስለሚችል ሚላኖ ደርሰን ልንሰግድ ነየትን። በሐነፊይ መዝሀብ ያላችሁ አንባቢያን ግን በመንገድ ላይ ማሳጠር እንጂ እንዲህ ማጣመር እንደሌለ ልብ በሉ። እዚህ ላይ ትንሹ ልጅ ጥያቄ አመጣ። «ቤታችን ከደረስን ዒሻእ ሁለት ነው ወይስ አራት?» እናቱ እነርሱ ቤታቸው ስለሆነ አራት እንደሚሰግዱ ነገረችው። «አጎቴስ?» አለ። እኛ ከነገ በስቲያ ወደ አገራችን የምንበር እንግዶች ነንና ሁለት ነው ብለን መለስን። ልጁ አሰበና «ታዲያ ማነው ኢማም የሚሆነው?» አለ። አባትየው እያቅማማ ጣሪያውን ሲያይ፣ ልጅቷ «አባባ ይሁን፤ አጎቴም ከኋላው ሆኖ አራት ይሰግዳል» ብላ ዳኘች።