«ዘርህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ሃፍሊንግ» አልኩ

ሲያትል ውስጥ ዊንተር እና ክረምት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ዝናብ ናቸው። ባለፈው ዊንተር ኳርተር አንድ ዓርብ ማታ ዝናቡ አላስወጣ ሲለን፣ ከማኅበራችን አራት ልጆች የቦርድ ጌም ክለብ ወደሚሰበሰብበት ክፍል ገባን። እውነቱን ለመናገር የገባነው ነፃ ፒዛ አለ ስለተባለ ነው። ፒዛው አልቋል። ጠረጴዛው ላይ ግን በካሬ የተከፋፈለ አረንጓዴ ሜዳ ተዘርግቶ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ ቀለም የተቀቡ ተጫዋቾች ተደርድረውበታል። ግማሾቹ ጥርሳቸው የወጣ፣ ግማሾቹ ጆሯቸው የሾለ። አንድ አሜሪካዊ ልጅ ቀና ብሎ በፈገግታ «ትጫወታለህ? ምን ሬስ መሆን ትፈልጋለህ?» አለኝ።

አጠገቤ የቆመው ጓደኛዬ በአማርኛ «ዘርህን እየጠየቀህ ነው» ብሎ ሹክ አለኝ። አራታችንም ሳቅን። ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። አራታችን ሁለት ዓመት ሙሉ አብረን በልተናል፣ አብረን ለፈተና አጥንተናል፤ ይህችን ጥያቄ ግን አንዳችን ለሌላችን ጮክ ብለን ጠይቀን አናውቅም። እንግዳው ልጅ እንደ ዋዛ ጠየቃት።

ያን ምሽት የተጫወትነው ብለድ ቦውል ይባላል። ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ጨዋታውን ጀርቪስ ጆንሰን የሚባል እንግሊዛዊ ፈጥሮት፣ ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው ኩባንያ በ1986 አወጣው። በአሜሪካን ፉትቦል ላይ የተሠራ ቀልድ ነው፤ ያ «የእግር ኳስ» ተብሎ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን ስፖርት ማለቴ ነው። ሜዳው በርዝመት 26፣ በወርድ 15 ካሬ ነው። እያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋች ያሰልፋል፤ በእያንዳንዱ አጋማሽ ስምንት ስምንት ተራ አለው። ኳሷን ተሸክሞ የተጋጣሚው ጫፍ መድረስ ነጥብ ነው። መንገድ ላይ የቆመውን ደግሞ መምታት ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይበረታታል። የተመታው ከወደቀ ሁለት ዛር ይጣላል፤ ጥሩሩ ካልያዘለት እንደገና ይጣላል። ዕድለኛ ከሆነ ደንዝዞ ይነሳል፣ ካልሆነ ራሱን ስቶ ይወጣል፣ ከዚያ ከባሰ ይቆስላል። ከቆሰለ በኋላ አሥራ ስድስት ገጽ ያለው ዛር ይጣላል፤ 15 ወይም 16 ከወጣ ተጫዋቹ ሞቷል። ለዚህ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ለሊጉ በሙሉ ሞቷል፤ ስሙን ከወረቀቱ ላይ ትሰርዛላችሁ።

እንግዲህ ጨዋታው የሚጀምረው ዘር በመምረጥ ነው። ድዋርፍ አጭርና ዘገምተኛ ነው፤ ቢመቱት ግን አይወድቅም። ኤልፍ እንደ ሚዳቋ ይሮጣል፣ ኳስ ከአየር ላይ ይቀልባል፣ አንዴ ከተመታ ግን አለቀለት፤ ደግሞ ውድ ነው። ስኬቨን የሚባሉት የአይጥ ሰዎች ከሁሉም ይፈጥናሉ። ኦርክ ይመታል። ሰው ሁሉንም ነገር መካከለኛ ይሠራል። ሁሉም በአንድ ሚሊዮን ወርቅ ቡድኑን ይገዛል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ዘሮቹን በደረጃ ከፍለው፣ የትኛው ለጀማሪ እንደሚሆን፣ የትኛው ለሽንፈት እንደተፈጠረ ይነግሯችኋል። በእኛ አገር «ምርጥ ዘር» የሚባለው በቆሎ ብቻ መስሎኝ ነበር።

እኔ ሃፍሊንግ መረጥኩ። ሃፍሊንጎች የሰው ወገብ የማይደርሱ፣ ምግብ ወዳድ ፍጥረታት ናቸው። ጥንካሬያቸው ሁለት ነው፤ የሰው ሦስት ነው። አንዱ 30,000 ወርቅ ብቻ ያወጣል፤ በጣም ርካሽ የሆነበት ምክንያት አለው። የመረጥኳቸው ግን በአንድ ሕግ ነው፦ ሃፍሊንጎች ወጥ ቤት አላቸው። ምግብ አብሳያቸውን ሌላ ቡድን በ300,000 ሲቀጥር፣ ለእነሱ በ100,000 ይመጣል። በእያንዳንዱ አጋማሽ መጀመሪያ ሦስት ዛር ይጣላል፤ አራትና ከዚያ በላይ በወጣ ቁጥር የወጡ ሽታ የእናንተን ልጆች ያበረታል፣ ተጋጣሚውን ደግሞ ከጨዋታው ልቡን ይወስደዋል። በምግብ የሚያሸንፍ ሕዝብ ካለ እኔ የማን ልጅ እንደሆንኩ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። በዚያ ምሽት ከሳቃችን ቀጥሎ የመጣው ዝምታ ለምን መጣ?

አባቴ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ እናቴ የነቀምቴ ናት። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ መርካቶ አካባቢ አደግኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ ቅጹ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ነበር። ምን ልበል ብዬ ዝም ስል፣ የሚጽፈው ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል «የአባትህ ነዋ» ብሎ ሞላው። አልተጣላንም። እናቴ ቤት ሆና «ምን አሉህ?» ብላ ስትጠይቀኝ ግን መታወቂያውን ማሳየት አልፈለግኩም። ሙሉ ሰው ነኝ ስል ግማሼን ሰው ጨርሶልኛል።

እዚህ ስመጣ ቅጹ ተለወጠ። የኮሌጅ ማመልከቻው ላይ አንድ ሳጥን አለ፤ ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ ይላል፤ እሱን ትመታላችሁ፣ አለቀ። በ2020ው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ደግሞ በዚያው ሳጥን ሥር ለምሳሌ ተብለው ከተጻፉት መካከል «ኢትዮጵያዊ» አለበት። ስለዚህ አገር ቤት ብዙ ዘር የሆንን ሰዎች ሲያትል ስንደርስ አንድ ሆንን። ቸሪ ስትሪት ላይ እንጀራ ለመብላት ስንቀመጥ ግን እንደገና እንለያያለን። አንድ ጋሼ ሂሳብ ሲከፍሉ ቀና ብለው «አገርህ የት ነው፣ ልጄ?» ይላሉ። አዲስ አበባ ስላቸው «እሱማ ነው፣ የአባትህ አገርስ?» ይላሉ። ብዙ ጊዜ በፍቅር ነው፤ ዘመድ እየፈለጉ ነው። አንዳንዴ ግን ከመልሴ በኋላ ፊታቸው ትንሽ ሲዘጋ ወይም ትንሽ ሲከፈት አያለሁ። ሁለቱንም አልወደውም። ከአገር ቤት ክፉ ዜና በሚሰማበት ሳምንት ደግሞ ጥያቄው እንደ ዛር ነው፤ የቱ ቁጥር እንደሚወጣ አታውቁም።

በጨዋታው ዓለምም ይኸው ክርክር ነበር፤ ያውም እዚሁ ጎረቤታችን። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን የሚያሳትመው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት መቀመጫው ሬንተን ነው። በ2014ቱ መጽሐፋቸው ዘራችሁን ስትመርጡ ጉልበትና ብልሃታችሁ ላይ ቁጥር ይጨመር ነበር፤ በ2016 በወጣ ሌላ መጽሐፍ ኦርክ የሆነ ተጫዋች ከአእምሮው ሁለት ይቀነስበት ነበር። በ2020 ያ ቅናሽ ተሰረዘ፤ በዚያው ዓመት በወጣ መጽሐፍ ተጫዋቹ ቁጥሮቹን ወደፈለገበት እንዲያዛውር ተፈቀደ። በታኅሣሥ 2022 ኩባንያው «ሬስ» የሚለውን ቃል ትቶ «ስፒሺስ» እንደሚል አስታወቀ፤ በ2024ቱ መጽሐፍ ያ ተፈጸመ፤ የቁጥሩ ጭማሪም ከዘር ወደ አስተዳደግ ዞረ።

ይህን ለጓደኞቼ ስነግር አንዱ «ታዲያ በአማርኛ ዘር የነበረው ዝርያ ሆነ ማለት ነው?» አለ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ሥር ናቸውና፣ ከመዝራት። ለገበሬ ዘር ማለት ለከርሞ ያስቀመጠው እህል ነው፤ ከዚህ የበለጠ መልካም ቃል የለም። ለዚህም ነው ቃል በመቀየር ብቻ ነገሩ ይለወጣል ብዬ የማላምነው። እኛ ዘር፣ ነገድ፣ ጎሣ፣ ብሔር፣ ብሔረሰብ እያልን ስንቱን ቃል ቀያየርን፤ ጥያቄው ግን ያው ጥያቄ ነው።

ታዲያ በጠረጴዛው ላይ ያልከበደኝ ጥያቄ ከጠረጴዛው ውጭ ለምን ይከብደኛል? ሳስበው ሦስት ልዩነት አገኘሁ።

አንደኛ፣ በጨዋታው የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማንም «የአባትህ ነዋ» ብሎ አልሞላልኝም። ለሚቀጥለው ሊግ ኦርክ ልሁን ብል የሚከለክለኝ የለም።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ሁሉ በግልጽ ተጽፏል። የሃፍሊንግ ጥንካሬ ሁለት ነው፤ ተጋጣሚዬም እኔም እኩል እናየዋለን። በእኛ መካከል ግን ሁሉም በልቡ የሌላውን ቁጥር ጽፎ ይዟል፤ እነ እገሌ ተንኮለኛ፣ እነ እገሌ ገንዘብ ወዳድ፣ እነ እገሌ ቂመኛ። ያንን ወረቀት ማንም አውጥቶ ስለማያሳይ ማንም ሊያርመው አይችልም።

ሦስተኛውን ያስተማረኝ ራሱ ሊጉ ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ አሥራ አንዱ ኦርክ ሁሉም አንድ ይመስላል። ተጫዋቾቹ ግን ነጥብ በማግባት፣ ሌላውን በመምታት፣ ኳስ በማቀበል ልምድ ያገኛሉ፤ በልምዱም አዲስ ችሎታ ይገዛሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በእኩል ዋጋ ከተገዙት ሁለት ኦርኮች አንዱ ማንም የማይጥለው ጎበዝ፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቱ የተሰበረ ምስኪን ሆኖ ታገኙታላችሁ። ያን ጊዜ ባለቤቱ «ኦርኬ» አይልም፤ በስሙ ይጠራዋል። ሲሞትበትም የሚያዝነው ለስሙ ነው። ዘሩ የሊጉ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልሆነም። ሰው በፕላስቲክ ቅርጽ ላይ ይህን ሊያይ ከቻለ በሰው ላይ ለምን ያቅተዋል?

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ያነበበች እህታችን «ጨዋታ ነው፣ አታካብድ» አለችኝ። ልክ ናት፣ ጨዋታ ነው። ግን በዚያች ክፍል ውስጥ አራታችንም ዝም ያልነው በጨዋታው ምክንያት አይደለም። ከባዱን ነገር ይዘነው ገብተን ነበር።

ሌላው ደግሞ «ማንነትን ተው እያልክ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለም። አያቴ በኦሮምኛ ካልሆነ መመረቅ አትችልበትም፤ ያንን ምርቃት የምለውጥበት ነገር የለኝም። ዘሮቹ ሁሉ አንድ ቢሆኑ ብለድ ቦውልን ማን ይጫወተዋል? ልዩነቱ ነው ጣዕሙ። እኔ የምቃወመው አንድን ሰው ከማወቃችን በፊት ወረቀቱን እኛ ሞልተንለት መጠበቃችንን ነው።

ኃይለኛ ጨዋታ ለእኛ አዲስ አይደለም። በገና በዓል በዱላ ሩር እየተመታ፣ ሰፈር ከሰፈር ሲጋጠም ስንቱ ቅልጥም እንደሚላጥ አባቶቻችን ያውቁታል፤ በዚያ ቀን ጌታው በአሽከሩ አይቆጣም ነበር። እኛም መርካቶ ኳስ ስንጫወት ቡድን የምንከፍልበት መንገድ ነበረን። ሁለት አባቶች ይቆማሉ፤ ሌላው ሁለት ሁለት እየሆነ ራቅ ብሎ በሹክሹክታ ስም ያወጣል። ከዚያ መጥቶ «አንበሳ ወይስ ነብር?» ይላል። አባቱ የሚመርጠው ስሙን ነው እንጂ ልጁን አይደለም፤ ማን ማን እንደሆነ አያውቅም። ወንድማማች በተቃራኒ ቡድን ይገባል። ዛሬ የመታህ ነገ ያቀብልሃል። ያ ሥርዓት በማን ብልሃት እንደተፈጠረ እንጃ፤ ነገር ግን ከብዙ ትልልቅ ሰዎች ስብሰባ ይሻላል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በስፕሪንግ ኳርተር የራሳችንን የጨዋታ ምሽት እናዘጋጅ። ብለድ ቦውልም ይሁን ካርታ ወይም ገበጣ፣ ቡድኑን በዚያው በአንበሳና በነብር እንክፈለው። አዲስ የመጣ ልጅ በሩ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «አገርህ የት ነው?» አይሁን፤ «ምን ትጫወታለህ?» ይሁን። አገሩን ሲፈልግ ራሱ ይነግረናል፤ ያኔ በደንብ እናዳምጠው።

በነገራችን ላይ ያን ዓርብ ሃፍሊንጎቼ በኦርኮች ሦስት ለዜሮ ተሸነፉ። ሁለት ሞተውብኛል፤ አንዱን ጓደኛቸው የሆነው ትልቁ የዛፍ ሰው ራሱ ከኳሱ ጋር ወርውሮት ነው የሞተው፤ ይህም በሕጉ ይፈቀዳል። ወጥ ቤቱ ግን በሁለተኛው አጋማሽ ሦስቱንም ዛር አወጣልኝ። ለጨዋታው ምሽት እውነተኛ ወጥ የሚሠራ ሰው እንፈልጋለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ሐሙስ ስብሰባው ላይ ንገሩኝ፤ ፒዛው ማለቁ አይቀርም።