አየር ብቻ አያሮጥም



ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ መጥተን አንደኛ ዓመት የገባን ሯጮች፣ በውድድር ቀን «የደጋ ልጆች» እየተባልን እንሞገሳለን፤ በማግስቱ ደግሞ «እግር እንጂ ራስ የላቸውም» እንባላለን። ሙገሳውም ሐሜቱም ሩጫን የተፈጥሮ ስጦታ እንጂ ሥራ አያደርጉትም። ስጦታ ከሆነማ ለሯጩ ማን ምን ይደክማል!

ዳሩ ግን አየር ብቻ ቢበቃ ኖሮ፣ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር በላይ በመሐል ሜዳ ዙሪያ በግ የሚጠብቅ ሁሉ ባለ ሜዳልያ በሆነ ነበር። ከደብረ ብርሃን አካባቢ የተወለደው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲፈጽም፣ እግሩ ባዶ ይሁን እንጂ ጀርባው ባዶ አልነበረም፤ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ከስዊድን የመጣ ኦኒ ኒስካነን የሚባል አሠልጣኝም ነበረው።

ራስ የላቸውም ለሚሉንስ? ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ ደብተሩን በክንዱ ይዞ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። ታዲያ ደብተርንና ሩጫን ማን አጣላቸው?

እኛ ምጽዋት አንለምንም። ፈተና ከውድድር ጋር ሲጋጭ ሌላ ቀን ይቆረጥልን፤ ከልምምድ ስንመለስ የምግብ አዳራሹ ተዘግቶ አይጠብቀን። ፈተናውን ተቀምጠን ከወደቅን እንውደቅ። ነገር ግን ዋንጫውን በመስተዋት ሣጥን አስቀምጦ፣ ያመጣውን ልጅ በመዝገብ ላይ «ቀሪ» ብሎ ዜሮ መስጠት ፍርድ አይደለም።