የእንዶድ አረፋ

ሉማሜ ላይ ላደግን ልጆች እንዶድ የበዓል ዋዜማ ምልክት ነበር። እናቶቻችን የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው ሲዘፈዝፉት አረፋው ይነሣል፤ ነጠላውም ጋቢውም ይነጣል። አረፋውን የሚያስነሣው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የ«ራይት ላይቭሊሁድ» ሽልማትን ተቀበሉ።

ቀንድ አውጣን ከገደለ፣ ፍሬው ባክቴሪያንስ ይገድላል ወይ ብለን እንጠይቅ። ሳፖኒን የሕዋስን ሽፋን የሚበሳው በተለይ ኮሌስትሮልን ከመሰለ ስብ ጋር ተጣብቆ ነው። ፈንገስ ይህ ስብ አለው፤ አብዛኛው ባክቴሪያ ግን የለውም። ስለዚህ እኔን የሚያጓጓኝ እንዶድ በፈንገስ ለሚመጣው ጭርት ይበጃል የሚባለው ነው፤ ለቁስል ይበጃል የሚባለውን ግን በጥንቃቄ ነው የማነበው።

አንድ ነገር ግን እለምናለሁ፦ እንዶድ አይጠጣ። ፅንስ ለማስወረድ ብለው የጠጡ ሴቶች ሞተዋል። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ጀርም የገደለ ፍሬ ለሆድ መድኃኒት ሆነ ማለት አይደለም።