ፒፕስ፦ 500 ዓመት ከዩኒቨርሲቲ ያልጠፋ ስም

ስልካችሁ ውስጥ ሀና የምትባል ስንት አለች? እኔ ጋ አራት አሉ፤ ሀና ቢሮ፣ ሀና ግቢ፣ ሀና ፎቶ፣ አራተኛዋ ደግሞ ዝም ብላ ሀና። እንግሊዞች ይሄ ጣጣ የሚገጥማቸው በቤተሰብ ስም ነው። ስሚዝ ብሎ ሰው መፈለግ እኛ አገር ከበደ ብሎ እንደ መፈለግ ነው። በሌላው ጫፍ ግን በአገሩ ሁሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠሩባቸው ስሞች አሉ። ዛሬ የማወራችሁ ከእነሱ ስለ አንዱ ነው፤ ፒፕስ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሕይወት የነበሩት ፒፕሶች 18 ብቻ ነበሩ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እና ምን ይጠበስ? ትሉ ይሆናል። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ስለ ፈረንጅ ስም ምን አስጨነቀው? ነገሩ ወዲህ ነው። እነዚህ 18 ሰዎች ሀብትና ትምህርት በአንድ ቤት ውስጥ ስንት ትውልድ እንደሚቆዩ ይነግሩናል። "ጠንክረህ ሥራ፣ የትም ትደርሳለህ" እየተባለ ላደገ ወጣት ደግሞ ይሄ ከባድ ጥያቄ ነው።

ስሙ ከየት መጣ?

እንግሊዞች ድሮ እንደ ዛሬው የቤተሰብ ስም አልነበራቸውም። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በመጀመሪያ ባላባቶቹ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስም ያዙ። ቀስ በቀስ ልማዱ ወደ ተራው ሕዝብ ወረደና እስከ 1400 ገደማ ድረስ አብዛኛው እንግሊዛዊ የቤተሰብ ስም ነበረው። ስሙ የሚወጣው ባብዛኛው ከአራት ነገር ነው፤ ከሥራ (ስሚዝ ቀጥቃጭ ነው፣ ቤከር ዳቦ ጋጋሪ)፣ ከአባት ስም (ጆንሰን የጆን ልጅ)፣ ከቦታ እና ከቅጽል ስም።

ፒፕስ ከሰው ስም የመጣ ነው። ምንጩ ፔፒን የሚባለው የድሮ ፈረንሳይኛ ስም ሲሆን፣ የታላቁ ንጉሥ ሻርለማኝ አባትም በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር። የእንግሊዝኛውን ፊደል እንዳለ ብታነቡት "ፔፒስ" ይመጣላችኋል፤ የቤተሰቡ ዝነኛ ሰው ሳሙኤል የሚታወቀው ግን "ፒፕስ" ተብሎ ነው።

የእንግሊዝ ብርቅ ስሞች አንድ የሚያስገርም ጠባይ አላቸው፤ ከበቀሉበት ቦታ ቶሎ አይርቁም። ስሚዝ ሁሉም ቦታ አለ፤ ምክንያቱም ቀጥቃጭ የሌለበት መንደር አልነበረም። አተንብሮ ግን በኖቲንግሃምሻየር ካለች አንዲት መንደር የወጣ ስም ነው። በ1881 የተካሄደውን የሕዝብ ቆጠራ ይዘው የስም ካርታ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉት ስሞች ከተነሱበት አካባቢ ዙሪያ ተከማችተው ያገኟቸዋል። የሌስተር ዩኒቨርሲቲ የዘረመል ተመራማሪዎችም ወንዶችን መርምረው ስሙ ብርቅ በሆነ ቁጥር ባለስሞቹ ከአንድ አባት የመምጣታቸው ዕድል እንደሚጨምር አሳይተዋል። ሁለት ስሚዞች በአባት በኩል ዝምድና ላይኖራቸው ይችላል፤ ሁለት አተንብሮዎች ግን የአንድ ቅድመ አያት ዘሮች የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው።

የፒፕሶች ቤት ኮተንሃም ናት፤ ከካምብሪጅ በስተሰሜን ያለች መንደር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ፒፕሶች እዚያ የክራውላንድ ገዳምን መሬት እየተቆጣጠሩ ያስተዳድሩ ነበር፤ በኛ ቋንቋ ጭቃ ሹም ብትሏቸው ይቀርባል። ቤተሰቡ ያንን ቦታ አልረሳም። ቻርልስ ፒፕስ የሚባሉ የሕግ ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአገሪቱ ትልቁ የሕግ ሹም፣ ማለትም ሎርድ ቻንስለር ሆነው የመኳንንት ማዕረግ ሲሰጣቸው የመረጡት መጠሪያ "ኮተንሃም" የሚል ነበር።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ግሪጎሪ ክላርክ የሚባል የኢኮኖሚ ታሪክ ተመራማሪ በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ ብርቅ ስሞችን እንደ ጂፒኤስ ተጠቀመባቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። በእንግሊዝ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የተማሪ መዝገብ ለዘመናት ተይዟል። ከ1858 ጀምሮ ደግሞ ሰው ሲሞት የተወው ንብረት በአገር አቀፍ ደረጃ ይመዘገባል። ስሙ ብርቅ ከሆነ እያንዳንዱን ሰው ከነወላጆቹ መፈለግ አያስፈልግም፤ ስሙን ብቻ ይዞ ቤተሰቡን በመቶ ዓመታት ውስጥ መከተል ይቻላል።

ፒፕስን እንዲህ ሲከተለው ምን አገኘ? የመጀመሪያው ፒፕስ ካምብሪጅ የገባው በ1496 ነው። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ 58 ፒፕሶች ኦክስፎርድ ወይም ካምብሪጅ ገብተዋል፤ ክላርክ ያገኘው የመጨረሻው በ1995። ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ ስም የሚጠበቀው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነበር። በ2012 በሕይወት ከነበሩት 18 ውስጥ አራቱ ሐኪሞች ነበሩ። ከ2000 እስከ 2012 የሞቱት ዘጠኝ ፒፕሶች በአማካይ 416,000 ፓውንድ ትተው አልፈዋል፤ የአገሪቱን አማካይ ከአምስት እጥፍ በላይ።

አሥራ ስምንት ሰው ትንሽ ሳምፕል ነው፣ ልክ ናችሁ። ክላርክም በፒፕስ ብቻ አልቆመም፤ ብዙ ብርቅ ስሞችን ሰብስቦ ተመሳሳይ ሥዕል አግኝቷል። ስዊድንም ሄዶ የድሮ መኳንንት ስሞች ዛሬም ከሐኪሞችና ከጠበቆች ዝርዝር ውስጥ ከድርሻቸው በላይ እንደሚገኙ አሳይቷል፤ ያውም እኩልነት ሰፍኖባታል በምትባል አገር።

ድምዳሜው በአንድ ቁጥር ይጠቃለላል፤ 0.75 ገደማ። ምን ማለት ነው? አንድ ቤተሰብ ከአማካዩ በ100 ነጥብ በላይ ቢሆን፣ ልጆቹ በ75፣ የልጅ ልጆቹ በ56፣ ቀጣዮቹ በ42 ይበልጣሉ ማለት ነው። ከአማካዩ ጋር ለመቀላቀል አሥር ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ታች ላለው ቤተሰብም ስሌቱ ያው ነው፤ ወደ ላይ ለመውጣት ያንኑ ያህል ይቆያል። ቁጥሩ 0.3 ቢሆን ኖሮ ከሦስት ትውልድ በኋላ ከ100 ነጥብ የሚቀረው 3 እንኳ አይሞላም ነበር።

እኔ የማልስማማበት ቦታ

ክላርክ ከዚህ ተነስቶ ቤተሰብ የሚያወርሰው ዋናው ነገር ውስጣዊ ብቃት ነው፣ ምናልባትም በደም የሚተላለፍ ነው ወደሚል ያዘነብላል። መለኪያውን ተቀብዬ ትርጉሙን ለሱ እመልስለታለሁ። ምክንያቴን የሚሰጠኝ ደግሞ የፒፕሶች የራሳቸው ታሪክ ነው።

ሳሙኤል ፒፕስን ውሰዱ። በ1633 ለንደን ውስጥ ከልብስ ሰፊ ተወለደ። ከ1660 እስከ 1669 የጻፈው የዕለት ማስታወሻ የ1665ቱን ወረርሽኝና የ1666ቱን የለንደን ቃጠሎ ዛሬ በዓይናችን እንዳየነው ያደረገ ሥራ ነው። በኋላም የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አስተዳደር ቁንጮ፣ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ። የልብስ ሰፊ ልጅ እዚህ ደረሰ ሲባል ያኔውኑ የሞቲቬሽን ቪዲዮ ሊሠራበት የሚችል ታሪክ ነው፤ አይደል?

ግን ቆይ። የሳሙኤል አያት እህት ፖሊና ሞንታጉ የሚባል ትልቅ ቤት ተዳረች። ልጇ ኤድዋርድ ሞንታጉ በ1660 ዳግማዊ ቻርልስን ከስደት መልሶ ካመጣው መርከብ በስተጀርባ የነበረ አዛዥ ነው። መርከቡ ላይ ጸሐፊው ማን ነበር? ሳሙኤል። በዚያው ዓመት በባሕር ኃይል ቦርድ ውስጥ የጸሐፊነቱን ወንበር ያስያዘውስ? እሱው ሞንታጉ፣ የአባቱ የአክስት ልጅ። ሳሙኤል ሰነፍ ነበር እያልኩ አይደለም፤ በጣም ጎበዝ ሠራተኛ ነበር። ግን በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ እንደሱ ጎበዝ የሆኑ ስንት የልብስ ሰፊ ልጆች ነበሩ? እነሱ መርከብ ላይ ዘመድ አልነበራቸውም።

ቦታውንም አትርሱት። ከኮተንሃም እስከ ካምብሪጅ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ከነበሩት ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ደጃቸው ላይ ነበር። የገዳም መሬት የሚያስተዳድር ሰው ደግሞ ሒሳብ መያዝ አለበት፤ ከተማሩ መነኮሳት ጋር ይገናኛል። የ1496ቱ ተማሪ ከዚህ ቤት መውጣቱ ይገርማል? ለኔ የፒፕስ ስም ካርታ ራሱ መልስ ነው። መጀመሪያ ቦታ ነበር፣ ከዚያ ሹመት፣ ከዚያ ዘመድ፤ እያንዳንዱ ለቀጣዩ በር ከፈተ።

መለኪያው ራሱም ቀዳዳ አለው። የእንግሊዝ ስም የሚከተለው አባትን ነው። ሳሙኤል ልጅ አልነበረውም፤ ወራሹ የእህቱ ልጅ ጆን ጃክሰን ነበር፤ ወደ 3,000 የሚጠጉ መጻሕፍቱም በጃክሰን በኩል አልፈው ነው ካምብሪጅ ወደሚገኘው የድሮ ኮሌጁ የገቡት። ስም ብቻ የሚከተል ሰው እዚህ ላይ ዱካው ይጠፋበታል፤ ሀብቱ በሴት በኩል ጃክሰን ሆኖ ሄዷላ! ሌሎች ኢኮኖሚስቶችም ክላርክን ይሞግቱታል። የአንድን ስም ባለቤቶች በጅምላ ስትለካ የቡድኑን ጥቅም ጭምር ስለምትለካ ቁጥሩ ከግለሰቡ እውነት በላይ ይገዝፋል ይሉታል። ይሄ ክርክር ትክክል ይመስለኛል። ቁጥሩን ወደ 0.5 ብታወርዱት እንኳ ግን ነገሩ ከሚወራልን "የትም ትደርሳለህ" በጣም የራቀ ነው።

እኛስ?

የክላርክ ዘዴ ኢትዮጵያ ውስጥ አይሠራም። የራሳችን ስም፣ የአባት፣ የአያት፤ ከዚያ አለቀ። የአያቴ ስም የልጄ መታወቂያ ላይ አይኖርም። ሰባት ቤት የምንቆጥረውም ለጋብቻ እንጂ ለስታትስቲክስ አይደለም። ይሄ አሠራር ደስ የሚል ጎን አለው፤ ማንም ሰው ስሙን ብቻ አይቶ የሩቅ ቅድመ አያታችሁን ማዕረግ አያነብባችሁም።

ግን ስሙ በየትውልዱ ስለታደሰ ዕድሉም በየትውልዱ የታደሰ የሚመስለን ከሆነ ተታለናል። የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ "የማን ልጅ ነህ?" የሚለው ጥያቄ ስንቴ ገጥሟችኋል? ያ ጥያቄ የሚጠየቀው ስማችን በቂ መረጃ ስለማይሰጥ ነው። የእንግሊዙ ፒፕስ መዝገብ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ የኛው ፒፕስ የሚታወቀው በስልክ ጥሪ ነው። የማይለካ ነገር ደግሞ ለመካድ ይመቻል።

ውጭ አገር ባሉ ልጆቻችን ላይ ነገሩ እየተቀየረ ነው። አሜሪካ የገባ ሰው ፎርም ላይ "የቤተሰብ ስም" የሚለው ቦታ ላይ የአባቱን ወይም የአያቱን ስም ይሞላል፤ ልጆቹ እዚያው ሲወለዱ ያ ስም ይጸናል። ከመቶ ዓመት በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ከአንድ የጎጃም ወይም የጉራጌ አያት የተነሳ ብርቅ የቤተሰብ ስም ይኖራል፤ ልክ እንደ ኮተንሃሙ። ያኔ አንድ ተመራማሪ የኛን ሰዎች እንደ ፒፕስ ይከተላቸዋል። እዚህ ያለነውን ግን ማን ይከተለናል?

የቤተሰብ ስም እንጀምር እያልኩ አይደለም፤ የኛው አሠራር ይመቸኛል። የምጠይቀው ሌላ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚገባውና መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠረው ሰው ከምን ዓይነት ቤት እንደመጣ፣ ወላጆቹ ምን ያህል እንደተማሩ፣ ከገጠር ይሁን ከከተማ፣ ያለ ማንም ስም በየዓመቱ ተቆጥሮ ይውጣ። ፎርሙ ላይ ሁለት ሦስት ጥያቄ መጨመር ነው፤ ትልቅ በጀት አይፈልግም። የገበሬው ልጅ ቁጥር በአሥር ዓመት ውስጥ ከጨመረ እሰየው፣ ካልጨመረ ደግሞ ቢያንስ የት እንደተያዘ እናውቃለን።

እስከዚያው "ጠንክረህ ሥራ" የሚላችሁን ሰው ስሙት፣ ምክሩ ክፉ አይደለም። ሳሙኤል ፒፕስም ጠንክሮ ሠርቷል። ስለ ሳሙኤል የሚያወራላችሁ ሰው ግን ስለ አባቱ የአክስት ልጅም ጨምሮ እንዲነግራችሁ ጠይቁት።